አልጌውን ማን ይበላዋል? የቤት ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየምና የአልጌ ጥያቄ

በቤቱ የጨው ውሃ አኳሪየም ያቆመ ሰው ሁሉ አንድ ቀን አልጌ ያማርረዋል። ድንጋዩ አረንጓዴ ፀጉር ያበቅላል፣ አሸዋው ቡናማ ይለብሳል፣ መስተዋቱ በተጠረገ በማግሥቱ ይደበዝዛል። ከዚያ ምክር ፍለጋ ይጀመራል፤ ምክሩ ደግሞ ሞልቷል። መብራት ቀንስ፣ ምግብ ቀንስ፣ ውሃ ለውጥ፣ ይህን ዱቄት ጨምር፣ ያን ጠብታ አንጠብጥብ። ሁሉም በየፊናው እውነት አለው፤ አብዛኛው ግን የሚቀዳው ከአንድ እምነት ነው፦ የውሃው ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ከገባ አልጌው ተርቦ ይሞታል ከሚል። እዚህ ላይ ያንን እምነት በተፈጥሮ ሪፍ ላይ ከታየው ነገርና አኳሪየም ጠባቂዎች በብዙ ዓመት ካካበቱት ልምድ ጋር አስተያየዋለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ አልጌን ከሁሉ በላይ የሚገዛው የሚበላው አፍና የሚነቅለው እጅ ነው። የውሃው ንጥረ ነገር ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፤ ዜሮ ግን መድረሻ መሆን የለበትም።

ጥያቄው የአኳሪየምን ያህል ዕድሜ አለው። የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ለኬሚካል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ዓሣና የውሃ ተክል አንድ ላይ ቢቀመጡ እየተደጋገፉ፣ ውሃው ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ መኖር እንደሚችሉ አሳየ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሙከራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ዓሣውና ተክሉ ብቻቸውን አልበቁም፤ ቅጠሉ መበስበስ፣ መስተዋቱም አረንጓዴ ልጋግ መልበስ ጀመረ። ነገሩ የተስተካከለው ዋሪንግተን ቀንድ አውጣዎች ከጨመረበት በኋላ ነው። ያ ገንዳ ጨው አልባ ነበር፤ ዋሪንግተን ራሱ ወዲያው ወደ ባሕር ውሃ ተሻገረ። በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «ዘ አኳሪየም» የተሰኘ መጽሐፉን ሲያሳትም የባሕር ውሃ ገንዳ በእንግሊዝ ሳሎኖች ፋሽን ሆነ። በዚያ ዘመን አልጌ ኦክሲጅን ሰጪ ነው ተብሎ ሆን ተብሎ የሚተከል ነበር።

የዛሬው አያያዝ መሠረቱ የተጣለው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 «ትሮፒካል ፊሽ ሆቢስት» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ፣ ሕያዋን ፍጥረታት እንደያዘ ከባሕር በወጣ ድንጋይና በአየር አረፋ ብቻ ኮራል እንደሚያኖር ጻፈ። ፔተር ቪልከንስና የበርሊን አኳሪየም ጠባቂዎች በዚያ ድንጋይ ላይ ጠንካራ መብራትና፣ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ ፕሮቲን ስኪመር ጨመሩበት። በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ተመራማሪ ዋልተር ኤዲ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ውሃው በሚፈስበት መረብ ላይ አጫጭር አልጌ ሆን ብሎ አብቅሎ በየጊዜው እየላጨ መጣል። ቆሻሻውን የሚወስደው ራሱ አልጌ ነው፣ የሚበቅለው ግን እኛ በመረጥንለት ቦታ ነው። ሐሳቡ በብዙዎች ቤት እስካሁን ይሠራል።

ከማንኛውም ሕክምና በፊት የበቀለውን ነገር መለየት ይቀድማል። በአዲስ ገንዳ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ዱቄት ዳያተም ነው፤ ሲሊኬት ተጠቅሞ ይስፋፋል፣ ሲሊኬቱ ሲሟጠጥ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይሄዳል። እሱን ለማጥፋት ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው። በቀይና በሐምራዊ መካከል ያለ ቀለም ይዞ አሸዋውን የሚሸፍነውና አንድ ወጥ ሆኖ የሚገፈፈው ሳይኖባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያ ስለሆነ ለአልጌ የተባለው ሁሉ አይሠራበትም። አረንጓዴውን ፀጉር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ክሩ ለስላሳና ቅርንጫፍ አልባ ከሆነ ደርቤዢያ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ዘንግ ግራና ቀኝ እንደ ላባ ከተከፈለ ብራዮፕሲስ ነው፣ ይኼኛው ብዙ አልጌ በል ፍጥረት የማይደፍረው ግትር ነው። የሚያብረቀርቁት አረንጓዴ እንክብሎች ቫሎኒያ ይባላሉ፤ እያንዳንዱ እንክብል አንድ ሴል ነው። ሮዝና ሐምራዊ ሆኖ ድንጋዩን የሚለብጠው ኮራላይን አልጌ ግን ሊቀበሉት የሚገባ እንግዳ ነው፤ ቦታውን በያዘ ቁጥር ለሌላው የሚተርፈው ይቀንሳል።

ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። በ1983 መጀመሪያ ፓናማ አካባቢ የጀመረ በሽታ ዲያዴማ አንቲላረም የተባለውን ረጅም እሾሃም የባሕር ጃርት ጨረሰው፤ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በመላው ካሪቢያን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አለቀ። ጃማይካ ላይ አልጌ የሚበሉት ዓሣዎች ከዚያ በፊት በአጥማጆች ተሟጥጠው ነበር፤ የቀረው ዋነኛ አልጌ በል ይኸው ጃርት ነበር። ቴሪ ሂውዝ በ1994 ባሳተመው ጥናት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሪፉ ግማሽ ያህሉን ይሸፍን የነበረው ኮራል 3 በመቶ ገደማ ሲቀር፣ አልጌው ከ4 በመቶ ተነሥቶ 92 በመቶ መድረሱን አሳየ። ሁሉም ሰው ግን አልተስማማም። ብራያን ላፖይንት በ1997 የጃማይካንና የደቡብ ፍሎሪዳን መረጃ ይዞ፣ ዋናው ጥፋተኛ ከየብስ የሚገባው ንጥረ ነገር ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ለዓመታት ዘልቋል፤ ሁለቱም ወገን የያዘው ማስረጃ ቀላል አይደለም።

እኔን ወደ አንዱ ወገን ያጋደለኝ በአውስትራሊያ የተደረገው ሙከራ ነው። ኤንኮር በተባለው ጥናት ተመራማሪዎች ከ1993 እስከ 1996 በታላቁ ባሪየር ሪፍ፣ ዋን ትሪ ደሴት ላይ፣ በትንንሽ ሪፎች ውስጥ ሆን ብለው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ሲጨምሩ ቆዩ። ኮራሎቹ፣ በተለይ መራባታቸው፣ ተጎዳ። የተጠበቀው የአልጌ ወረራ ግን አልመጣም። ምግቡ ቀርቦ አልጌው ያልገነነው በላተኞቹ በቦታቸው ስለነበሩ ነው የሚለው ማብራሪያ ለኔ አሳማኝ ነው። አኳሪየም ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። አሜሪካዊው አኳሪስትና ጸሐፊ ሪች ሮስ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በላይ ፎስፌት ባለው የቤቱ ገንዳ ኮራል እያሳደገ እንደኖረ በሰፊው ጽፏል፤ ያ መጠን በተፈጥሮ ሪፍ ውሃ ካለው ብዙ አሥር እጥፍ ነው። ሌላው ሰው ያንን ቁጥር ይከተል ማለቴ አይደለም። ቁጥሩ ብቻውን አልጌን እንደማይጠራ ግን ያስረዳል።

ይህ ማለት ንጥረ ነገር ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም፤ ጥያቄው ከየት ይገባል የሚለው ነው። የመጀመሪያው በር የቧንቧ ውሃ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ጥሩ ምሳሌ ናት። የከተማዋ ውሃ ከ2000 ጀምሮ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ከዚያ በኋላ ከእርሳስ ቱቦዎች እርሳስ እየሟሟ ሲያስቸግር ከ2004 ጀምሮ ኦርቶፎስፌት ይጨመርበታል። ለሰው ጤና ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ለአኳሪየም ግን በእያንዳንዱ ባልዲ ፎስፌት እየገባ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ክሎራሚን የሚይዝ የካርቦን ማጣሪያ፣ አርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ሜምብሬንና ዲአዮናይዘር ተከታትለው የተገጠሙበት መሣሪያ የግድ ነው፤ የሚወጣው ውሃ፣ የሟሟ ነገርን በሚለካው የቲዲኤስ መለኪያ፣ ዜሮ መነበብ አለበት። ዜሮ የሚያስፈልገው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በር ምግብ ነው፤ ከሁሉም ሰፊው ይህ ነው። በበረዶ የተቀመጠውን የዓሣ ምግብ አለቅልቆ መስጠት የተለመደ ምክር ሆኗል። ኬሚስቱ ራንዲ ሆምዝ-ፋርሊ ስለ አኳሪየም በጻፋቸው ጽሑፎች እንዳሳየው ግን ታጥቦ የሚሄደው ፎስፌት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ያለው ዓሣው በሚበላው ሥጋ ውስጥ ነው። ዓሣን አስርቦ አልጌን መቅጣት ደግሞ ትክክል አይመስለኝም። ያመጣነው ለዓሣው ስንል ነውና ጠግቦ ይብላ፤ ትርፉን ማውጣት የእኛ ሥራ ነው።

መለኪያውስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድንጋዩ በአልጌ ተሸፍኖ ፎስፌት ሲለካ ዜሮ ሊወጣ ይችላል፤ የገባውን ሁሉ አልጌው ወዲያው ስለሚወስደው ውሃው ውስጥ የሚቀር የለም። በተጨማሪ የካልሲየም ካርቦኔት ድንጋይና አሸዋ ፎስፌትን በላያቸው ይይዛሉ፤ ውሃው ሲጠራ መልሰው ይለቃሉ። ለዓመታት ፎስፌት የጠገበ ድንጋይ ያለው ሰው ማጣሪያውን በለወጠ ቁጥር መለኪያው ለጥቂት ቀን ወርዶ ተመልሶ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የሬድፊልድ ሬሾም ከቦታው ውጪ ይጠቀሳል። አልፍሬድ ሬድፊልድ በ1934 መሠረቱን የጣለው የ16 ናይትሮጅን ለ1 ፎስፎረስ ስሌት የተገኘው ከውቅያኖስ ፕላንክተን ነው። አትኪንሰንና ስሚዝ በ1983 ከባሕር ወለል የሚበቅሉ አልጌዎችን ሲመረምሩ ወደ 30 ለ1 የቀረበ አገኙ፤ እነዚህ በጣም ባነሰ ፎስፎረስ ይኖራሉ ማለት ነው። ስለዚህ የፀጉር አልጌን በሬድፊልድ ቁጥር ለማስተካከል መጣር ትርፍ የለውም። ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ቢሆን ለአብዛኛው የኮራል ገንዳ ይበቃል፤ ከዚያ ይልቅ ከሳምንት ሳምንት አለመዋዠቁ ይጠቅማል።

መሣሪያዎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ስኪመር ጥሩ ነው፣ ይኑር። የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ ፎስፌት ይይዛል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ከተጨመረ ኮራል ያስደነግጣል። ላንታነም ክሎራይድ ርካሽና ኃይለኛ ነው፤ የሚፈጥረው ደቃቅ ብናኝ የዓሣ ስንጥብ ሊጎዳ ስለሚችል በጥብቅ ማጣሪያ በኩል ካልሆነ አልመክረውም። ቮድካ ወይም ኮምጣጤ በጥቂቱ ጨምሮ ባክቴሪያ ማርባትም ይሠራል፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው ግን አይንካው። ከገንዳው ሥር ባለው ሳምፕ ውስጥ ኬቶሞርፋ አልጌ አብቅሎ በየሁለት ሳምንቱ እየቀነሱ ማውጣት ከሁሉ የምመርጠው ነው፤ የኤዲ ሐሳብ በቀላል መልኩ ይኸው ነው።

አሁን ስለ በላተኞቹ። አንድ ዓይነት ብቻ አይበቃም፤ ሁሉም የየራሱ ድርሻ አለው። ትሮከስ ቀንድ አውጣ መስተዋትና ድንጋይ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን ይግጣል፤ ቢገለበጥ ራሱን ያቃናል፣ አስትሪያ የተባለው ግን ተገልብጦ ከቀረ ሰው ካላነሣው ይሞታል። ሜስፒሊያ የተባለችው ባለ ሰማያዊ መስመር የባሕር ጃርት ከሁሉም ትበረታለች፤ ያለፈችበት ድንጋይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ኮራላይኑንም ጭምር ትፍቃለች፣ በደንብ ያልተጣበቀ ኮራልም እሾህዋ ላይ ተሸክማ ትዞራለች። አረንጓዴው ሚትራኩለስ ሸርጣን ቫሎኒያ ይበላል፤ ሁሉም ሸርጣን ግን ይበላል ብሎ መማል አይቻልም። ዶላቤላ የተባለው የባሕር ጥንቸል የፀጉር አልጌን በቀናት ጠርጎ ይጨርሳል፤ ከዚያ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ ሥራውን ሲጨርስ አልጌ ላስቸገረው ለሌላ ሰው መስጠት ወይም ወደ ሱቅ መመለስ አለበት፤ ይህን ሳያስቡ መግዛት በሕይወት ላይ መቀለድ ነው።

ከዓሣዎቹ መካከል ትልቁ ጉልበት የዜብራሶማ ዘር ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕር ሁለት ድንቅ ዜብራሶማዎች አሉት፦ ጅራተ ቢጫው ሐምራዊ ዜብራሶማ ዛንቱረምና፣ ሸራ የመሰለ ክንፍ ያለው ዜብራሶማ ደስጃርዲኒ። ደስጃርዲኒ ቫሎኒያ በመብላቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግ የ200 ሊትር ገንዳ እስር ቤት ይሆንበታል። የሃዋዩ ቢጫ ዜብራሶማ ያነሰ ነው፤ ኦሺያኒክ ኢንስቲትዩት በ2015 በቁጥጥር ሥር አራብቶ አሳድጎታል፣ እንዲያ ያደገውን መግዛት ባሕሩን አያራቁትም። ፎክስፌስ የተባለው ቢጫ ዓሣም ትጉ በላተኛ ነው፤ የጀርባ እሾሁ መርዛም ስለሆነ እጅ ሲገባ መጠንቀቅ ነው።

ግን በላተኛ የበቀለ ጫካ አይመነጥርም። የወጣ ቡቃያን መጋጥ እንጂ እጅን የሚያክል የፀጉር አልጌ መብላት ለቀንድ አውጣም ለዓሣም ያስቸግራል። ገበሬ ማሳውን የሚያርመው በእጁ ነው፤ እዚህም ከእጅ የተሻለ የለም። ድንጋዩ ከወጣ፣ ከገንዳው በተቀዳ የጨው ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ጠንካራ የጥርስ ብሩሽ ተይዞ ፀጉሩ በጣት እስከ ሥሩ ይነቀላል፣ ሥሩ የነበረበት ቀዳዳ ይፈተጋል፣ ከዚያ በሌላ ንጹሕ ባልዲ ይለቀለቃል። የመጀመሪያው ባልዲ ውሃ አረንጓዴ ሾርባ ሆኖ ሲደፋ ስንት ናይትሬትና ፎስፌት አብሮ እንደወጣ ማንም ያያል። ድንጋዩ የማይወጣ ከሆነ አንድ እጅ ይነቅላል፣ ሌላው እጅ ደግሞ የመሳቢያውን ቱቦ አፍ እዚያው ያስጠጋል፤ የተነቀለው ሳይበተን ይወጣል። ቀንድ አውጣና ጃርት የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው።

ሃዋይ ውስጥ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ባለው ካኔኦሄ ቤይ፣ የመንግሥት ባለሙያዎች ይህንኑ በባሕር ላይ አድርገውታል። በ1970ዎቹ ለእርባታ ምርምር የመጣ ባዕድ አልጌ ሪፉን ሲወር፣ ጠላቂዎች እየነቀሉ «ሱፐር ሳከር» በተባለ ትልቅ የመምጠጫ ጀልባ አወጡት፤ አልጌው ለገበሬዎች ማዳበሪያ ሆነ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በእርባታ ጣቢያ ያደጉ የባሕር ጃርቶች በየቦታው ተለቀቁ፤ ቁጥራቸው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። እጅና አፍ በተባበሩባቸው ሪፎች ወራሪው በእጅጉ ቀንሷል። በዚያው ወሽመጥ የታየ ሌላ ነገርም አለ። ቀደም ሲል የቫሎኒያ ዘመድ የሆነ አረንጓዴ አልጌ ሪፉን ወርሮ ነበር፤ በ1977 እና በ1978 የከተማ ፍሳሹ ከወሽመጡ ሲነሣ ቀነሰ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልሄደም። ብዛቱ የወደቀው በ2006 ሳምንታት የቆየ ዝናብና ደመና ብርሃኑን ከጋረደው በኋላ ነው። ብርሃን ኃይል አለው፤ ኮራል ባለበት ገንዳ ግን ያን ያህል ማጨለም አይቻልም። መብራቱን በቀን ለስምንት ወይም ለአሥር ሰዓት ያህል ማብራትና የቀን ብርሃን መስተዋቱን እንዳይመታ መከለል ይበቃል።

መድኃኒት የመጨረሻ በር ነው። ብራዮፕሲስን ፍሉኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል፤ ሳምንታት ይወስዳል፣ የሚሞተው አልጌም ያጠራቀመውን ስለሚለቅ አስቀድሞ በእጅ መቀነስ ያሻል። ሳይኖባክቴሪያን ኤሪትሮማይሲን ይገድላል። ለሰው ሕክምና የሚያስፈልግ አንቲባዮቲክ ለአሸዋ ውበት ተብሎ ፍሳሽ ውስጥ መግባቱን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የውሃ እንቅስቃሴ መጨመርና በየጊዜው መምጠጥ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ያደርጋል።

ዜሮን መከተል ያመጣውን ጣጣ በግልጽ የሚያሳየው ዳይኖፍላጀሌት ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ተሟጥጠው ተፎካካሪዎቹ ሁሉ ሲደክሙ፣ በተለይ በደረቅ ድንጋይ በተጀመረ ገንዳ ውስጥ፣ እሱ ይነግሣል። ጠዋት ጥቂት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ጫፋቸው ላይ የአየር አረፋ የያዙ ቡናማ ልጋጎች ከድንጋዩ ይንጠለጠላሉ፤ መብራት ጠፍቶ ሲያድር ይሳሳሉ። ቀንድ አውጣዎች ከበሉት ሊሞቱ ይችላሉ። ለመለየት ከልጋጉ ጥቂት በብርጭቆ ተቀድቶ በኃይል ይናጣል፣ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ይጠለላል፣ የጠለለው ውሃ መብራት ሥር ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ተመልሶ ክር ከሠራ ዳይኖ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ዝርያውን ማየት ደግሞ መፍትሔውን ይወስናል። ኦስትሪዮፕሲስ ሌሊት ወደ ውሃው ስለሚነሣ የዩቪ መብራት ያገኘዋል፤ አሸዋ ውስጥ የሚኖረው አምፊዲኒየም ግን ዩቪ አይነካውም። በሁለቱም ናይትሬትና ፎስፌትን ከዜሮ ማንሣትና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት እንዲበረቱ ማድረግ ይረዳል። አንዳንድ ኦስትሪዮፕሲስ ፓሊቶክሲን መሰል ብርቱ መርዝ ስላላቸው ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት፤ የገንዳ ቱቦ በአፍ መሳብም ፈጽሞ አይገባም።

የመጨረሻው ጉዳይ የተነቀለው አልጌ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ካውለርፓ ታክሲፎሊያ በጀርመን ሽቱትጋርት የቪልሄልማ መካነ እንስሳት ገንዳ ውስጥ ያደገ፣ ለአኳሪየም የተወደደ ውብ አልጌ ነበር። በ1984 ሞናኮ ላይ፣ ከውቅያኖስ ሙዚየሙ ሥር ባለው ባሕር፣ አንድ ሜትር ካሬ ያህል በቅሎ ታየ፤ ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ሜኔ ለዓመታት ቢያስጠነቅቅም በሜዲትራኒያን ተስፋፋ። በ2000 ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ አጠገብ፣ አጉዋ ኤዲዮንዳ በተባለ የባሕር ዳር ሐይቅ ውስጥ ተገኘ። በሸራ እየሸፈኑና ከሥሩ ክሎሪን እየጨመሩ፣ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው በ2006 መጥፋቱን አወጁ፤ ግዛቲቱ በ2001 ዘጠኝ የካውለርፓ ዓይነቶች እንዳይያዙ በሕግ ከለከለች። ካሊፎርኒያም ሆነ ኤላት ወይም ዱባይ፣ ባሕር አጠገብ የሚኖር ሰው ከገንዳው ያወጣውን አልጌና ድንጋይ ወደ ባሕር፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ዝናብ ውሃ መውረጃ አይጣል። አልጌው በላስቲክ ታስሮ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆይና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይውጣ፤ የተለወጠው የጨው ውሃ ደግሞ በቤቱ ፍሳሽ በኩል ይሂድ።